የሁለት ጾም ሰሞን በከተማው ዳር ዳር

የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ፤ ኮዬ ፈጬ

ሁዳዴ ከተያዘ አምስተኛ ቀኑ ነው። ረመዳን ነገ ይግባ ከነገ ወዲያ ገና አልታወቀም። ማታ ጨረቃ ከታየች ነገ ነው። እኔ ግን ጨረቃዋን ሳልጠብቅ ወጥቻለሁ። አምስት ቀን በአዲስ አበባ ዳር ዳር ልዞር ነው። ቀን ዞሬ ማታ እናቴ ቤት እገባለሁ። ሻንጣ የለም፣ ሆቴል የለም። ደብተርና የታክሲ ሳንቲም ብቻ።

የጉዞው መነሻ አንድ የምሳ ቡፌ ነው። አምና በአንድ የሃይማኖቶች የጋራ ውይይት ላይ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቼ ነበር። የአዘጋጁ ስም ይቆየን። አዳራሹ ያምራል፣ ባነሩ ያምራል፣ ንግግሩም ያምራል። ጠዋቱን ሙሉ «መቻቻል» እና «መከባበር» ስጽፍ እጄ ዛለ። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጣን። ቀኑ ረቡዕ ነው። ቡፌው ላይ ከጥብስ እስከ ዶሮ ወጥ ተደርድሯል። ቀሳውስቱ አይተው ወደ ሰላጣው ዞሩ። ሼሆቹ «ያረደው ማነው?» ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ፓስተሮቹ ብቻቸውን ሳህን ይዘው ተሰለፉ፤ እነሱም አፍረው ቆንጠር ቆንጠር ነው ያደረጉት። ግማሽ ቀን ስለ መከባበር ስናወራ፣ አብሮን የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚበላ የጠየቀ አልነበረም።

ከጎኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። በሀገር ሽማግሌነት የተጠሩ የእድር ሰብሳቢ ናቸው። «የኛ እድር ይሄን ነገር ከፈታው ሠላሳ ዓመት አልፎታል» አሉኝ። «ካላመንክ እቃ ቤታችንን መጥተህ እይ።»

ይኸው መጣሁ። ከሳሪስ ቃሊቲን አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። አቧራው ሳይቆጠር።

ኮንዶሚኒየም ሁሌ ይገርመኛል። ጎረቤትህን የሚመርጥልህ እጣ ነው። የድሮ ሰፈር ዘመድ ዘመዱን፣ ያገር ልጅ ያገሩን ልጅ እየጠራ የተሠራ ነው። እዚህ ግን እንደ ዕድልህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። እነዚህን ሰዎች ደባልቀህ በየደረጃው በትናቸው። አንዱ በር ላይ የማርያም ሥዕል፣ ፊት ለፊቱ «ቢስሚላህ»፣ ከላይ ፎቅ የመዝሙር ልምምድ። ሁሉም በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ በአንድ ደረጃ ይወርዳል። ሬሳም በዚያው ደረጃ ነው የሚወርደው።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ፣ ኮሚናሉ (የጋራ መጠቀሚያው ቤት) በር ላይ ጠበቁኝ። የድሮ ሰፈራቸው ፈርሶ ነው እዚህ የመጡት። ከድሮዎቹ አባላት ኮዬ የደረሳቸው ጥቂት ናቸው። ደንቡን ግን ይዘው መጥተው ከአዲሶቹ ጎረቤቶች ጋር እድሩን እንደገና አቋቋሙት።

እቃ ቤቱን የከፈቱልኝ የንብረት ኃላፊዋ ናቸው። ወንበር፣ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ከዚያ ድስት። ድስቶቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። የአንደኛው ረድፍ ጆሮ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ የሌላው ቀይ። አረንጓዴው የሙስሊሙ፣ ቀዩ የክርስቲያኑ።

«ጭልፋውስ?» አልኳቸው።

«ጭልፋውም፣ ቢላውም፣ መክተፊያውም» አሉ እትዬ። ጥያቄዬ የልጅ ጥያቄ ሆነባቸው መሰለኝ።

«ተሳስታችሁ አታውቁም?»

እትዬ ወደ ጋሼ አዩ። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። ድሮ ሰፈር ሳሉ አንዴ ሆኗል። በአንድ ለቅሶ ግርግር አረንጓዴው ድስት ውስጥ የክርስቲያን ሥጋ ተሠራ። ያየ ሰው አልነበረም። ታጥቦ ቢቀመጥ ማንም አያውቅም። የዚያን ጊዜው ሰብሳቢ ግን በወር ስብሰባው ላይ ቆሙና «ድስታችሁን ነክተናል፣ አጥፍተናል» አሉ። ድስቱ ተሸጠ፣ በእድሩ ገንዘብ አዲስ ተገዛ። «ከዚያ ቀን በኋላ» አሉ ጋሼ፣ «ሙስሊሞቹ ድስቱን መጥተው ማየት ተዉ።»

ይህን በደብተሬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

የፕሮቴስታንቶቹ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ድስት አይለዩም። ግን ለጠላ አናዋጣም፣ ለተዝካር አናዋጣም ብለው ጠየቁ። ሁለት ዓመት ተከራከሩበት። በመጨረሻ እድሩ ለሁሉም ገንዘብ፣ እንጀራ፣ ድንኳንና ሰው ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጠላውንና ተዝካሩን የፈለገ በራሱ። ጋሼ ጠላ ይወዳሉ። ውሳኔው እስካሁን እንዳልተዋጠላቸው ፊታቸው ይናገራል።

ማታ ቤት ስደርስ ዜናው ወጣ። ጨረቃ ታየች። ነገ ረመዳን ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ፤ ኮልፌ፣ ከዚያ ቡራዩ

ያሰብኩት ቡራዩ ልሄድ ነበር። ገና በጠዋቱ ጋሼ ደወሉ። አንድ ሙስሊም አባላቸው ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ኮልፌ ነው፤ የቤተሰቡ ሰዎች ያረፉት እዚያ ነው። «እድር ማየት ከፈለግህ ዛሬ ነው» አሉኝ።

የእድሩ ደንብ እዚህም ላይ ይለያል። ለክርስቲያን አባል ገንዘቡ የሚሰጠው ቤተሰቡ መጥቶ ሲፈርም ነው። ለሙስሊም ግን ገንዘብ ያዡ በውድቅት ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ቤቱ ድረስ ይወስዳል። ምክንያቱም ቀብር አይዘገይም። ሣጥን የለም፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። ከፈን፣ ሶላት፣ አፈር።

ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ለአዲስ አበባ ሙስሊም ከጥንት ጀምሮ የመጨረሻው ሰፈር ነው። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሙሉ የኮዬ ሰው መጣ። ሶላተል ጀናዛው ሲሰገድ ክርስቲያኖቹ ወደ ዳር ወጥተው ቆሙ። ማንም ውጡ አላላቸውም፣ ማንም ግቡ አላላቸውም። ቦታቸውን ያውቁታል። አፈር ሲመለስ ግን አካፋው እየተቀባበለ ዞረ። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎረምሳ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ቆፈረ፣ ሞላ። ከጎኑ ያለው ጾመኛ ነው፤ ውሃ አይጠጣም። ጎረምሳውም አልጠጣም። የውሃ ላስቲኩን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተው።

እዚያ ነው ሐጂን ያገኘኋቸው። የሟች የድሮ ጓደኛ ናቸው፣ የሚኖሩት ቡራዩ። ደብተሬን አይተው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አንተም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ና በቃ፣ ቤት እናፍጥር» አሉ። በዊንጌትና በአስኮ በኩል ወጣን። ታክሲ ውስጥ ሆነው ስልክ ደወሉ። ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ «እንግዳው በሁዳዴ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁ።

አዛን ሲል አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ገደማ ነበር። ተምር፣ ውሃ፣ የምስር ሳምቡሳ። ከዚያ ሾርባ መጣ፤ ሁለት ዓይነት። አንዱ ሥጋ ያለው፣ አንዱ ሥጋም ቅቤም ያልነካው የአጃ ሾርባ። ሁለተኛውን የቤቱ እመቤት እማማ እኔ ፊት አስቀመጡት። አንድም ቃል አልተናገሩም። ያ ቡፌ ትዝ አለኝ። አንድ የስልክ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለው።

ሐጂ ከመግሪብ በኋላ ጨዋታ ያዙ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ሃያ ዓመታቸው ነበር። ወጥተዋል። የሚያስታውሱት ግን መፈክሩን አይደለም። አብረዋቸው የወጡትን ክርስቲያኖች ነው። «የሰፈሬ ልጅ፣ የዲያቆን ልጅ፣ ከጎኔ ነበር። አባቱ ገረፈው መሰለኝ» ብለው ሳቁ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ከዚያም ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር በዓል ሆኑ።

የነጃሺም ነገር ተነሳ። እውነቱን ልናገር፤ ነጃሺ ሲነሳ ደክሞኝ ነበር። በየስብሰባው መክፈቻ ላይ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ615 ሙሃጂሮቹ፣ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች፣ መጡ፣ ንጉሡ አስጠለላቸው፣ ጭብጨባ፣ ወደ ሻይ ዕረፍት። ሐጂ ግን ሌላውን ግማሽ ነገሩኝ። በሙስሊሞች ታሪክ እንደሚተረከው፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጀዕፈር በንጉሡ ፊት የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብ ንጉሡ አለቀሱ። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። በማግስቱ ግን ያሳደዷቸው የመካ ሰዎች፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ተመልሰው መጡ። «ስለ ኢየሱስ የሚሉትን ከባድ ነገር ጠይቃቸው» አሉ። ስደተኞቹ ጨነቃቸው። እውነቱን ከተናገሩ ሊባረሩ ይችላሉ። ተመካከሩና ነቢያቸው ያስተማራቸውን እንዳለ ሊናገሩ ወሰኑ። ጀዕፈርም ሳይሸፍን ተናገረ፤ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው፣ መንፈሱና ቃሉ ነው አለ። ንጉሡም አላባረሯቸውም።

«አየህ ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «ያን ቀን ቢዋሽ ኖሮ ታሪኩ አያምርም ነበር።»

ስወጣ እማማ ሳምቡሳ በሳህን አድርገው፣ በፌስታል ጠቅልለው ለእናቴ ሰጡኝ። እናቴ ሳምቡሳውን በላች፣ መረቀቻቸው፣ ሳህኑን አጥባ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ባዶውን እንዳትመልሰው» አለችኝ።

የካቲት 23፣ እሑድ፤ እንጦጦ

የዓድዋ ቀን። ጊዮርጊስም ነው፣ የዐቢይ ጾም ቅድስት ሰንበትም ነው። ከተማው መሃል ላይ ሰልፍና ባንዲራ። እኔ ከወሎዬ ጓደኛዬ ጋር ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ። እሱ ሙስሊም ነው። የአክስቱ ልጅ ግን ዲያቆን ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም።

በረመዳን ሁለተኛ ቀን ዳገት የሚወጣ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። «ያንተ ጾም ሥጋ ነው የሚከለክለው፣ የኔ ውሃ ነው። ዳገቱን ማን መረጠው?» አለኝ። እኔ ነኝ። አፈርኩ።

እንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ገባሁ። እሱ በር ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ስወጣ ከአንድ የኔ ቢጤ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ አገኘሁት።

ይቺ ቤተ ክርስቲያን ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ናት። ከስድስት ዓመት በኋላ ዓድዋ ዘመቱ። ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የዘመቱት ራስ ሚካኤል ናቸው። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ጣቱን አነሳ። «መሐመድ አሊ በላ» አለኝ።

ልክ ነው። ራስ ሚካኤል ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ። ስማቸው የተለወጠው በአፄ ዮሐንስ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተደርጓል። ክርክሩ በኦርቶዶክሶች መካከል ነበር። ከዚያ ተከትሎ ግን የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መኳንንቱ ተጠመቁ። እምቢ ያለ ተሰደደ ወይም ተገደለ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረም ብዙ ነው። ራስ ሚካኤል ኋላ የምኒልክን ልጅ አገቡ፤ ልጅ ኢያሱ ተወለደ። ኢያሱ ደግሞ ሰልሟል ተብሎ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወረደ። አባት በግድ ተጠመቀ፣ ልጅ ሙስሊም ሆነ ተብሎ ተሻረ።

«ቤታችን ይሄ ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል» አለኝ ጓደኛዬ። «በየስብሰባው ነጃሺን ትጠራላችሁ። ቦሩ ሜዳን ግን አንድ ቀን ስትጠሩ አልሰማሁም።»

መልስ አልነበረኝም። ምናልባት የዚያ ድሮ ሰብሳቢ ዓይነት ሰው ያስፈልግ ይሆናል፤ በወር ስብሰባው ላይ ቆሞ «ድስታችሁን ነክተናል» የሚል። ይህን ግን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም፤ የድስቱን ወሬ ካነሳሁ ይርበዋል።

ቁልቁለቱ ቀላል ነበር።

የካቲት 24፣ ሰኞ፤ መካኒሳና ዓለም ገና

ዛሬ ከፕሮቴስታንቶች ጋር ነኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብኝ።

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ጴንጤ ሆነ ተባለ። እድሩ ሰረዛቸው። ብዙም ሳይቆይ አያታቸው ሞቱ። ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተጣለም። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀብር ተከለከሉ። ሬሳውን በፒክአፕ ጭነው ሲሄዱ እኛ ልጆች አጥር ላይ ሆነን አየን። አባቴ ቤት ውስጥ ነበር። አልወጣም። ጥሩ ሰው ነበር አባቴ። ግን አልወጣም።

መካኒሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነገረ መለኮት ለሚያስተምሩ ፓስተር ይህን ነገርኳቸው። ብዙም አልደነቃቸውም። «የኔም አባት የተቀበረው ጫካ ውስጥ ነው» አሉ። ቡናቸውን አማሰሉ። ከዚያ እኔ ያላወቅሁትን ታሪክ አጫወቱኝ።

የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ካቶሊኮቹ የዚህ ጉባኤ አባል አይደሉም። እነሱ በራሳቸው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ከሌሎች ሃይማኖቶች ጋር ስላላቸው ግንኙነት ሰነድ አወጡ። የዓለም ጉባኤው ማዕከላዊ ኮሚቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 1971 ተሰብስቦ ከሌሎች እምነቶች ጋር የሚነጋገር ራሱን የቻለ ክፍል እንዲቋቋም ወሰነ። ክፍሉን እንዲመሩ የተመረጡት ስታንሊ ሳማርታ የሚባሉ ሕንዳዊ ናቸው።

«የተሰበሰቡት የት ይመስልሃል?» አሉኝ።

ጄኔቫ አልኩ።

«አዲስ አበባ ነው ወንድሜ። እዚሁ።»

እዚሁ! ዓለም ስለ ውይይት እዚህ ከተማ ተሰብስቦ ሲወስን፣ በዚሁ ከተማ ሬሳ በሃይማኖቱ ምክንያት መቀበሪያ ያጣ ነበር። ፓስተሩ ይህን ያሉት በምሬት አልነበረም። እንደ ቀልድ ነው ያወሩት።

ውሳኔውም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1975 ናይሮቢ ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ብዙዎች «ይህ እምነት መቀላቀል ነው» ብለው ተነሱ። የሌላ እምነት ሰዎች በእንግድነት የተጋበዙበት የመጀመሪያው ጉባኤ ነበር። በ1977 ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ላይ እንደገና ተቀመጡ። ከዚያ በ1979 መመሪያ ወጣ። ከመመሪያው ውስጥ ፓስተሩ የሚወዱት አንድ ሐሳብ አለ። ከዐሥርቱ ትእዛዛት የተወሰደ ነው፤ በጎረቤትህ ላይ በሐሰት አትመስክር። ስለ ሙስሊሙ እምነት ሙስሊሙ ራሱ ይናገር፣ አንተ አትናገርለት። አንተም የራስህን እምነት አትሸፍን፣ መመስከርህን አትተው።

«ከጀዕፈር ጋር ይገጥማል» አልኳቸው። የሐጂን ወሬ ነገርኳቸው። ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። ለካ ደብተር የያዝኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

ከሰዓት አብረን ወደ ዓለም ገና ወረድን። ሰበታ መንገድ ላይ ናት። አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። 2015 ዓ.ም. እዚህ አካባቢ ለሁሉም ክፉ ዓመት ነበር። የሲኖዶስ መከፈል ነገር ክርስቲያኑን አናወጠው፣ ሰውም ሞተበት። ጥቂት ወራት ቆይቶ በሸገር ከተማ የመስጊዶች መፍረስ ሙስሊሙን አስቆጣ፤ ለተቃውሞ የወጡ ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ ጥቂት ሽማግሌዎች አንድ ግቢ ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ፤ ኦርቶዶክሱ፣ እስልምናው፣ ካቶሊኩ፣ መካነ ኢየሱሱ ሌላውም ገብተውበታል። እነዚህ ሰዎች ግን ደብዳቤ አልጠበቁም። የጀመሩትም በትልቅ ርእስ አይደለም። በማጉያ ነው የጀመሩት።

አንድ መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የጸሎት ቤት በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ናቸው። ሦስቱም ማጉያ አላቸው። ስምምነታቸው አጭር ነው። አዛን አይነካም፣ ቅዳሴ አይነካም። ስብከት ግን ማጉያው ወደ ግቢው ውስጥ ይዞራል። የአዳር ጸሎት ከአራት ሰዓት በኋላ ያለ ማጉያ። በማንኛቸውም ቤት ለቅሶ ካለ ሁሉም ይቀንሳል። ደግሞ አንድ ሌላ አለ፤ ሰባኪ ከሌላ ቦታ ሲጋበዝ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይነገረዋል። ነገር የሚያበላሹት ብዙውን ጊዜ እንግዳ ሰባኪዎች ናቸው አሉ የቤተ ክርስቲያኑ አባ። የመስጊዱ ሼህም የጸሎት ቤቱ ፓስተርም አንድ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ላይ ልዩነት የለም።

ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ነጭ ለብሰዋል፣ በትር ይዘዋል። የየትኛው ናቸው ብዬ ጠየቅኩ።

«ዋቄፈታ ነኝ» አሉ፤ የኦሮሞ ነባር እምነት ተከታይ ናቸው። «መጀመሪያ አልጠሩኝም ነበር። እኛ ማጉያ የለንማ።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ግን ነገሩ ገባኝ። ከእነሱ ጋር የሚያጣላ ጩኸት ስለሌላቸው ለውይይት የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ኢሬቻ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ ላይ ሲከበር የትኛው መንገድ ይዘጋል፣ የማን ጸሎት ሰዓት ይነካል የሚል ጥያቄ መጣ። ያን ጊዜ ወንበር ተጨመረላቸው።

ስለ አምላክ ይነጋገሩ እንደሆን ጠየቅኋቸው። አባ ሳቅ አሉ። «አንድ ቀን ስለ ሥላሴ ሼህ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አልተስማሙም። እሳቸው ስለ ነቢያቸው ነገሩኝ። አልተስማማሁም። ከዚያ ዝናብ መጣና አንድ ጃንጥላ ይዘን ወጣን።»

«ጃንጥላው የኔ ነበር» አሉ ሼሁ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ፤ እንደገና ቡራዩ

ለዛሬ ያሰብኩት አቃቂ ነበር። እናቴ ግን ከአልጋዬ ሳልወርድ ቆሎ መቁላት ጀምራለች። ሽንብራና ገብስ። ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ።

«ሳህኑ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ምን ይሉናል?» አለች።

ምን እንደሚሞላ ማታውን አስባበታለች። ዳቦ አለችና ተወችው፤ «በምን እንደተጋገረ አያውቁም።» ቆሎ ግን ቆሎ ነው። ለሁዳዴም ይሆናል፣ ለረመዳንም ይሆናል። ምጣዱንም በውሃ ሁለት ጊዜ አጥባ ነው የቆላችው። ለምን እንዳጠበችው አልጠየቅኋትም። እድር ውስጥ ያደገች ሴት ናት።

በልጅነቴ ስለተሰረዙት ሰዎች ግን ጠየቅኋት። የአያትየው ቀብር ቀን የት ነበርሽ አልኳት። እሳቱን ቆሰቆሰች። «ሌሊት ሄጄ ነበር» አለች። «አባትህ አያውቅም። ቡና ይዤ በጓሮ ገባሁ። እናትየው አቅፋኝ አለቀሰች።» ይህን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ቀን ነበር መሄድ የነበረብኝ። በሌሊት የሄድኩት ምን ይወራል?» አለችና ቆሎውን ወደ ሳህኑ ገለበጠች።

ቡራዩ ስደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። ሐጂ መስጊድ ናቸው። በሩን እማማ ከፈቱ። ፌስታሉን ተቀበሉ፣ ገለጥ አድርገው አዩ። «ሽንብራ አለበት» አሉ፣ ደስ አላቸው። ለማፍጠሪያ ቆዩ አሉኝ። እናቴ ብቻዋን ናት አልኩ። ግቡ፣ አልገባም፣ ግቡ፣ አልገባም ተባባልን። በመጨረሻ «እሺ ትንሽ ቁም» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

የእቃ ድምፅ ሰማሁ። ሳህኑ ሲገለበጥ፣ ውሃ ሲፈስ፣ የሆነ ነገር ዘይት ውስጥ ሲንጨረጨር። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰፈሩን አየሁ። አንድ ልጅ ከሱቅ ተምር በወረቀት ይዞ እየሮጠ መጣ፣ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ረመዳን ከሪም» ብለውት አለፉ። «እርስዎም እንኳን ለጾሙ አደረስዎ» አለ ልጁ፣ ሳይቆም።

እማማ ወጡ። ያው ሳህን፣ ያው ፌስታል፣ አዲስ ሳምቡሳ። «ምስር ነው፣ ለናትህ» አሉ።

ሳህኑ አሁንም እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው።